የአራተኛው ማማ ግሪሳ

አቦቦ ውስጥ ሺታዬን የማያውቅ ሰው ካለ ወይ ትናንት የመጣ ነው፣ ወይ ጆሮው አይሰማም። አስራ ስድስት ዓመቷ ነው። ከአምስተኛ ክፍል ለምን እንዳቋረጠች ሲጠይቋት «መምህሩ እኔን ባየ ቁጥር ራሱን ያመው ነበር፤ ለእሱ ጤና ብዬ ነው» ትላለች። እውነቱ ሌላ ነው። እናቷ ስትሞት አክስቷ ቦጋለች ዘንድ ገባች፤ እዚያ ደግሞ አራት ሕፃናትና አንድ ባዶ ጄሪካን ይጠብቋት ነበር። ይህን ግን ለማንም አታወራም። የሚያሳዝን ነገር ሲገጥማት ቀልድ አልብሳ ነው ወደ ሰው የምታወጣው።

ሥራዋ ወፍ መጠበቅ ነው። ከአልዌሮ ግድብ ወዲህ ባለው የሩዝ እርሻ፣ ሩዙ ማፍራት ከጀመረበት ቀን እስኪታጨድ ድረስ ሰባት ማማዎች ይቆማሉ። ማማ ማለት አራት እንጨት፣ ከላዩ ርብራብ፣ ከርብራቡ በላይ የሣር ጥላ፤ በቃ። በየማማው አንድ ሰው ጅራፍና የተቀጠቀጠ ቆርቆሮ ይዞ ይወጣል። ጠላቱ ግሪሳ ነው። ግሪሳ ብቻውን ቢመጣ ማንም የማይፈራው፣ ከጡጫ የሚያንስ ወፍ ነው። ችግሩ ብቻውን መጥቶ አያውቅም። እንደ ጭስ እየተጠቀለለ ይመጣል፣ ማሳው ላይ ይወርዳል፣ ሲነሳ ለባለቤቱ የሚተውለት ገለባውን ነው።

ከአንዱ ማማ እስከሌላው ያለው ርቀት ጩኸት ይደርስበታል፣ ጨዋታ ግን አይደርስበትም። ስለዚህ ቀኑ ረጅም ነው። ሰው ከራሱ ጋር አውርቶ አውርቶ ከራሱ ጋር የሚጣላበት ቦታ ነው።

ሁለት ሕግ አላቸው። አንዱ የቀን ነው፦ ግሪሳ ያየ «መጣ!» ይላል፣ ቀጣዩ ይቀበለዋል፣ ከዚያ ሰባቱም ቆርቆሮ ይደበድባሉ፣ ጅራፍ ያጮሃሉ። ሌላው የማታ ነው። ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል አንደኛው ማማ ሁለተኛውን በስሙ ይጠራል። ሁለተኛው «አለሁ!» ይልና ሦስተኛውን ይጠራል። እንዲህ እንዲህ እያለ ሰባተኛው ይደርሳል። ስሙ ሳይጠራ ከማማ የሚወርድ የለም። አንድ ዓመት እባብ የነደፈው ጠባቂ ሳይታወቅ ማማው ላይ ቀርቶ ነበር፤ ሕጉ ከዚያ ወዲህ የመጣ ነው ይባላል።

ሺታዬ አራተኛው ላይ ናት። ሦስተኛው ላይ ከኢታንግ የመጣችው ኛታንግ አለች፤ በሁለት ዓመት ትበልጣታለች፣ ረጅም ናት፣ አማርኛዋ ጥቂት ቢሆንም የምትናገረውን ታውቃለች። አምስተኛው ላይ ጂያት የሚባል ትልቅ ሰው አለ፤ ቀን ቀን በራሱ ቋንቋ ይዘፍናል፣ ያለዚያ ድምፁ አይሰማም።

ሁልጊዜ ማታ ኛታንግ በቀጭን ድምፅዋ «ሺታዬዬዬ!» ትላለች።

አንድ ቀን ሺታዬ «አለሁ!» ትላለች። አንድ ቀን «ሞቻለሁ፣ ንፍሮ ቀቅሉ!» ትላለች። አንድ ቀን ደግሞ «ማን ልበል?» ትላለች። ካቦው ጋሽ ተክሌ ከታች ሆኖ ራሱን ይነቀንቃል። «የዚች ልጅ ምላስ ቢታጨድ ሁለት ኩንታል አይወጣውም?» ይላል። ይህን ሲላት ደስ ይላታል። ከነጋ ጀምሮ ስለ እሷ የተነገረ ነገር እሱ ብቻ ስለሆነ ነው።

እንግዲህ ነገሩ የጀመረው በጅራፍ ነው። በወቅቱ መጀመሪያ ላይ ሺታዬ ለኛታንግ ልታሳያት ብላ ጅራፉን በአንድ ውርወራ ሁለቴ ልታጮህ ሞከረች። አንዴ ጮኸ። ለሁለተኛው የቃጫው ጫፍ ተመልሶ ግራ ዓይኗ ላይ አረፈ። ርብራቡ ላይ ተንበርክካ የራሷን ጩኸት ዋጠችው። ኛታንግ ከሩቅ «ምን ሆንሽ?» ስትል «ንብ!» ብላ መለሰች። ዓይኗ ሦስት ቀን አብጦ ተከደነ፤ ከዚያ እብጠቱ ጎደለ፣ ቅላቱ ለቀቀ፣ ተረሳ።

ሦስት ሳምንት አለፈ። አንድ ጠዋት ከላይ ጥቁር ነገር ሽው አለባት።

«መጣ!»

ኛታንግ ተቀበለች፣ ጂያት ተቀበለ፣ ሰባቱ ቆርቆሮ አገሩን አናጋው። ሰማዩ ላይ ምንም የለም። ጋሽ ተክሌ በሞተር ብስክሌቱ አቧራ እያስነሳ መጣ።

«የታለ?»

«እኔን አይቶ ተመለሰ።»

ሳቀላት። በማግስቱም መጣ። አሁን አንድ አልነበረም፤ የድስት ቂጥ ጥላሸት ላይ እፍ ሲሉበት እንደሚበተነው ያለ፣ ብዙ ነጥብ። «መጣ! መጣ!» ቆርቆሮው እንደገና ጮኸ። እንደገና ባዶ ሰማይ። ጋሽ ተክሌ አሁን አልሳቀም።

ሺታዬን ነገሩ ገረማት። ነጥቦቹን ትኩር ብላ ልታይ ስትል ይሸሻሉ፤ ዓይኗን ስታቆም ቀስ ብለው ይመለሳሉ። ቁልቁል ሩዙን ስታይ ሩዙ ላይ ናቸው፤ እግሯን ስታይ እግሯ ላይ። ጭቃ አድቦልቡላ ወረወረችባቸው። ብቻዋን ሳቀች። ከዚያ ግራ ዓይኗን በመዳፏ ከደነች፤ ጠፉ። ቀኙን ከደነች፤ እዚያው አሉ።

መሳቋን አቆመች። ግሪሳው የሰፈረው ማሳው ላይ አልነበረም።

ያን ጊዜ ወርዳ ለካቦው እውነቱን ብትነግረው ኖሮ እኔም ታሪኩን እዚህ ጋ እጨርስላችሁ ነበር። ግን ባለፈው ዓመት አባ ኃይለኢየሱስ የሚባሉ አሮጌ ጠባቂ ዓይናቸው ደከመ ተብለው ከማማ ወርደዋል። አሁን ከሰፈሩ መግቢያ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው የሚያልፈውን ሰው «ማን ነህ?» እያሉ ይውላሉ። ለወፍ ጠባቂ ዓይን ማለት ለሾፌር እጅ ማለት ነው። ሺታዬ ማማውን ከለቀቀች የሚጠብቃት ጄሪካኑ ነው። ስለዚህ ጋሽ ተክሌ በቁጣ «ምን ነክቶሽ ነው ሰው የምታሯሩጪው?» ሲላት፣ አገጯን ቀና አድርጋ «ቀልዴን እኮ ነው፤ ከእንቅልፋችሁ ልቀስቅሳችሁ ብዬ» አለች።

ከዕውር ውሸታም ይሻላል ብላ መረጠች። ማንም ሳያስገድዳት።

ከዚያ ብልጭታው መጣ። ዓይኗን ወዲያ ወዲህ ስታደርግ ከጥግ በኩል እንደ መብረቅ ቦግ ይላል። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ደጋግሞ ቦግ ሲልባት እውነተኛ መብረቅ መሰላት። ታች ቀድሞ የታጨደው ሩዝ አውድማ ላይ ተሰጥቷል። «ዝናብ! ሩዙን ሸፍኑ!» ብላ ጮኸች። ሃያ ሰው ሸራ እየጎተተ ሮጠ። ፀሐይዋ አናት ላይ ናት፣ ሰማዩ ታጥቦ የተሰጣ አንሶላ ይመስላል። ሃያውም ሰው ቀና ብሎ ወደ አራተኛው ማማ አየ። አንዷ ሴት የተናገረችው ስድብ እዚህ አይጻፍም።

ያን ቀን ማታ ጥሪው ተጀመረ። አንደኛው ሁለተኛውን ጠራ። ሁለተኛው «አለሁ!» ብሎ ሦስተኛውን ጠራ። ኛታንግ «አለሁ!» አለች። ሺታዬ ጉሮሮዋን ጠረገች። ለዛሬ ያዘጋጀችው መልስ ነበራት፣ «ዝናብ ወስዶኛል!» ልትል ነበር።

«ጂያአአት!» አለች ኛታንግ።

«አለሁ!» አለ ጂያት፣ ወደ ስድስተኛው ዞረ፣ ጥሪው እየራቀ ሄደ።

ሺታዬ አፏን እንደከፈተች ቀረች። ምናልባት ተሳስታ ይሆናል፣ ምናልባት ትመለሳለች ብላ ጠበቀች። ጂያት ሲወርድ አየችው። ኛታንግ ጄሪካኗን አንጠልጥላ በመስኖው ዳር ስትሄድ አየቻት። ዞር አላለችም። የመጨረሻው ብርሃን ከሩዙ ላይ ሲነሳ ሺታዬ ሳትጠራ ወረደች። መሰላሉ አራት እርከን ብቻ ነው፤ ያን ቀን ግን መሬቱ ቶሎ አልደረሰላትም።

በማግስቱም አልተጠራችም። በሦስተኛውም ቀን።

በአራተኛው ቀን ጥላው መጣ። ከግራ ዓይኗ ከታች፣ በውጭው ጥግ በኩል፣ የሆነ ሰው የነጠላ ጫፍ ያስጠጋባት የመሰለ ጥቁር ነገር። በእጇ ልትገፋው ሞከረች። ፊቷን ታጠበች። ነጥቡ ሲሸሽ ሲመለስ ይውላል፤ ይህ ግን አይሸሽም። ማታ ላይ ለአክስቷ «እትዬ፣ ዓይኔ ላይ ጥላ አለ» አለቻት፤ በሹክሹክታ፣ ያለ ቀልድ።

ቦጋለች ጡት የሚጠባውን ልጅ ከአንዱ ጎን ወደ ሌላው እያዞረች «ያምሻል?» አለች።

«አያመኝም።»

«ካላመመሽ ምች ነው። ፀሐይ ላይ ትውያለሽ፣ ላብሽ ሳይደርቅ ትታጠቢያለሽ።» ዳማከሴ በጥሳ፣ በመዳፏ አሽታ፣ ግንባሯን ቀባቻት። እጇ ሻካራ ነበር፣ ግን ቀስ ያለ ነበር፤ ሺታዬ እጁ ቶሎ እንዳይነሳ ብላ ዝም አለች።

ሳይታመሙ መታወር እንዳለ ቦጋለች ከየት ትወቀው? እኔም አላውቅም ነበር።

ከዚያ ግሪሳው እውነቱን መጣ።

በስተግራ ሸንበቆ አለ። ግሪሳው እንደ ልማዱ ከላይ አልመጣም፤ ከሸንበቆው ሥር ለሥር፣ መሬት ለመሬት ተጠግቶ መጣ። ጥላው ያለው ደግሞ እዚያው በኩል ነው። ቀኝ ዓይኗ ደህና ነው፣ ግን አፍንጫን ተሻግሮ ያን ያህል ወደ ግራ ማየት ቀኝ ዓይን አይችልም። ሺታዬ መጀመሪያ የሰማችው ድምፁን ነው፤ ደረቅ ቅጠል ላይ እንደሚወርድ ዝናብ። ራሷን ስታዞር የሩዙ መልክ ተቀይሯል። ቡናማ ሆኖ ይንቀሳቀሳል።

«መጣ! መጣ! ኛታንግ! እውነቴን ነው!»

ማንም አልተቀበለም። ቆርቆሮዋን ብቻዋን ደበደበች፣ ጅራፉን ብቻዋን አጮኸች፣ ከማማው ወርዳ ሩዙ ውስጥ እየሮጠች ጮኸች። ግሪሳው ከፊቷ ይነሳል፣ ከኋላዋ ያርፋል። ጂያት ነገሩን አይቶ ቆርቆሮውን ሲያነሳ ሦስት መደብ ሩዝ ተበልቷል።

ጋሽ ተክሌ ሞተሩን ጥሎ በእግሩ መጣ። አንድ ባዶ ዛላ በጣቱ አሽቶ አየ።

«ተኝተሽ ነበር?»

«አልተኛሁም።»

«ታዲያ?»

ሁሉም የሚጠብቀው ቀልድ ነበር፤ እሷም ጠበቀችው። አልመጣላትም። «አላየሁትም» አለች።

«በጠራራ ፀሐይ! ይሄን ሁሉ!» ጅራፉን ከእጇ ወሰደ። አልጮኸባትም፤ ቢጮህ ይሻላት ነበር። «ነገ አትምጪ፣ ልጄ። ማማው ላይ ሌላ ሰው አወጣለሁ።»

ሄደ። ሺታዬ የማማው እግር ሥር ቁጢጥ አለች። ጥቂት ቆይቶ ኛታንግ መጥታ በግራዋ በኩል ቆመች። ሺታዬ መምጣቷን ያወቀችው ጭቃው ሲንቦጫረቅ ነው።

«ስንት ነው?» አለች ኛታንግ።

«ምኑ?»

 ኛታንግ ዞራ ፊት ለፊቷ ተቀመጠች። «ጣቶቼን አንስቼ ነበር። እዚህ፣ ጆሮሽ አጠገብ። አላየሽም።»

ሺታዬ ጣቷን ጭቃው ውስጥ አዞረች። ከዚያ ሁሉንም አንድ በአንድ አወጣችው፦ ጅራፉን፣ ነጥቦቹን፣ ብልጭታውን፣ ጥላውን። ስትጨርስ ቀኝ ዓይኗን በመዳፏ ከድና በግራው ኛታንግን አየቻት። «አሁን ለምሳሌ አገጭሽ የለም። ያምርብሻል» አለች።

ኛታንግ አልሳቀችም። «ለምን አልነገርሽም?»

«እንዳትስቁብኝ።»

«ሁልጊዜ የምትናገሪው እንድንስቅ አይደለም ወይ?»

ሺታዬ ጭቃውን ከጣቷ ላይ ጠረገች።

«ስምሽን የተውኩት» አለች ኛታንግ ቃሉን እየፈለገች፣ «እኔ ላይ የምትቀልጂ መስሎኝ ነው። ሦስት ቀን በጣም ተናድጄ ነበር። አንቺ ላይ እዚህ ጨለማ እየወጣ ነበር።» ተነሳችና ሱሪዋን አራገፈች። «ለተክሌ እነግረዋለሁ። ብትጠይኝም እነግረዋለሁ።»

ሺታዬ ጄሪካኗንና ነጠላ ጫማዋን ይዛ በመስኖው ዳር ወደ ሰፈር አዘገመች። ግማሽ መንገድ ስትደርስ ከኋላዋ ጥሪው ተጀመረ። አንደኛው፣ ሁለተኛው። ኛታንግ «አለሁ!» አለች። ሺታዬ እርምጃዋን አፈጠነች፣ መስማት አልፈለገችም።

«ሺታዬዬዬ!»

አራተኛው ማማ ላይ ማንም የለም። ሁሉም ያውቃል። ጥሪው ቆሞ ጠበቀ። ጂያት አልተጠራም፣ ስለዚህ አልወረደም፤ ከእሱ ወዲያ ያሉትም አልወረዱም። ሺታዬ መንገዱ ላይ ቆመች፣ ድምፅዋ ተሰነጣጠቀ፣ ግን ወጣ።

«አለሁ!»

በማግስቱ ጋሽ ተክሌ ሩዝ በጫነ አይሱዙ ጋቢና አስቀምጦ ጋምቤላ ላካት። የተናገራት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «ለሃያ ሰው ዝናብ መጣ ብለሽ ስትጮሂ ላንቺ ዓይን አንዴ ብትጮሂ ምን ነበረበት?» አክስቷ የጤና መድህን ደብተሩን በላስቲክ ጠቅልላ ሰጠቻት። ልጇ ስላተኮሰው መሄድ አልቻለችም። ዳማከሴም ጨመረችበት፣ ምናልባት ብላ።

የሆስፒታሉ የዓይን ክፍል ባለሙያ ኤልናታን የሚባል ቀጭን ወጣት ነው። ጠብታ አደረገላትና ብሌኗ እስኪሰፋ አስቀመጣት፤ ከዚያ ግንባሩ ላይ መብራት አስሮ ወደ ዓይኗ ጎንበስ አለ።

«መብራቱን ቀንሰው፣ ወፎቹ ይነቃሉ» አለች።

«የምን ወፎች?»

ነገረችው። ፈገግ ሳይል አዳመጠ። መብራቱን አጥፍቶ ከወንበሩ ወደ ኋላ ተደገፈ። «እናንተ ቤት ግድግዳው ላይ ጋዜጣ ተለጥፏል?» አላት።

«የጭቃ ግድግዳ ነው፤ አዎ፣ በዱቄት ሙጫ።»

«አንድ ቦታ ሲቀደድና ዝናቡ በቀዳዳው ሲገባ ምን ይሆናል?»

«ውሃው ከኋላ ይገባና ያላጠዋል። አንድ ክረምት ሙሉው ወርዶ ተኝቼ ላዬ ላይ ወድቋል።»

«እሱ ነው የሆንሽው። ዓይንሽ ውስጥ፣ ከኋላ በኩል፣ ሬቲና የሚባል ስስ ሽፋን አለ። የምታይውን ነገር የሚቀበለው እሱ ነው። ከፊቱ ደግሞ እንደ እንቁላል ነጭ ያለ ዝልግልግ ሞልቷል። ጅራፉ ሲመታሽ ዝልግልጉ ተናወጠና ሽፋኑን ጎትቶ ቀደደው። ወፍ ያልሻቸው ነጥቦች ከተቀደደው ቦታ የወጡ ቅንጣቶች ናቸው። የሚታይሽ ጥላቸው ነው።»

«መብረቁስ?»

«ሬቲና ሕመም አያውቅም። ሲጎተት 'አመመኝ' ማለት ስለማይችል ብርሃን ያሳይሻል። መጮሁ ነው።»

ሺታዬ ለመጀመሪያ ጊዜ ለዓይኗ አዘነችለት። ያን ሁሉ ቀን ሲጮህላት ከርሟል፤ እሷም እንደ ሰዎቹ አላመነችውም።

«ከዚያ ውሃው በቀዳዳው ገባ። ከኋላ እየላጠው ነው፤ የተላጠው ቦታ አያይም። ጥላው እሱ ነው። ነጥቡን ያየሽ ቀን ብትመጪ ቀዳዳውን ዙሪያውን በጨረር አጣብቀው ይመልሱሽ ነበር።»

«አሁንስ?»

«አሁን ኦፕራሲዮን ነው፤ አዲስ አበባ። ስሚኝ፤ መሃሉ ገና አልተላጠም። ፊት የምትለዪበት፣ የምታነቢበት እሱ ነው። እሱ ከተላጠ በኋላ ቢለጠፍም እንደ ድሮው አያይም። ዛሬውኑ እጽፍልሻለሁ፣ ነገ ጠዋት አውቶቡስ ላይ ነሽ። አትሩጪ፣ ራስሽን አታናውጪ።»

«ስንት ቀን አለኝ?»

«ቀን አትቁጠሪ። ሂጂ።»

አንድ ሰው አዲስ አበባን ለመጀመሪያ ጊዜ ሲያይ ከጎኑ «ያውልህ!» የሚለው ሰው ይኖራል። ከሺታዬ ጎን የነበረው የሽንኩርት ጆንያ ነው። ሁለት ቀን ሙሉ ራሷን በሁለት እጇ ይዛ ተጓዘች፤ አውቶቡሱ በዘለለ ቁጥር ጋዜጣው ትንሽ የሚላጥ ይመስላታል። ከሾፌሩ በላይ የማርያም ሥዕል ተሰቅሏል። መቱ ላይ ቀኝ ዓይኗን ከድና የሥዕሉን ፊት ትኩር ብላ አየች፤ ጥላው የቀሚሱን ጫፍ ይዟል። በደሌ ላይ ልጁን የታቀፈውን እጅ ወሰደው። ከዚያ ወዲያ አየሁ አላየሁ እያለች ስትፈራ ቆየች። አዲስ አበባ መግቢያ ላይ፣ መኪናው ሁሉ ሲጮህ፣ እንደገና ከደነች። ጥላው የማርያም አንገት ድረስ ደርሷል። ፊቷ ግን አለ። «እመቤቴ፣ ትንሽ ቀና በይልኝ» አለች፤ ይህ ቀልድ ነው ጸሎት ነው ብትጠይቋት አታውቀውም።

ኦፕራሲዮኑን የሠራችው ዶክተር ሲፈን የምትባል፣ ድምፅዋ ዝግ ያለ ሴት ናት። ዝልግልጉን አወጣች፣ ሽፋኑን ወደ ቦታው መለሰች፣ ቀዳዳውን በጨረር አጣበቀች፣ ዓይኗን በጋዝ ሞላችው። «ጋዙ ሙጫው እስኪደርቅ ጋዜጣውን ተጭኖ እንደሚይዝ እጅ ነው» አለቻት፤ የኤልናታንን ምሳሌ ሺታዬ ነግራት ወድዳው ነበር። «ጋዙ ወደ ላይ ነው የሚወጣው። የኋላውን እንዲጫን አንቺ በግንባርሽ መደፋት አለብሽ። ስትበዪም፣ ስትተኚም። ጋዙ ሳይጠፋ ደግሞ አውሮፕላን የሚባል የለም፤ ሰማይ ላይ ጋዙ ይነፋና ዓይንሽን ያጠፋዋል።»

«ለእሱ አታስቢ፤ አውሮፕላን ያየሁት ከታች ነው።»

ዶክተሯ ሳቀች። ከሄደች በኋላ የቀረው ወለሉ ነበር።

አስቡት። ይህች ልጅ ሥራዋ ሰማይ ማየት ነበር። አሁን ከአልጋው ጫፍ ተደፍታ ግራጫ ሲሚንቶ ታያለች። ሰው ሲመጣ በጫማው ትለየዋለች፦ ነጭ ክፍት ጫማ ነርሷ፣ ጥቁር ጠፍጣፋ ዶክተሯ። አስታማሚ የሌላት እሷ ብቻ ነበረች። ከጎኗ አማቷን የምታስታምም ወርቅነሽ የምትባል ሴት አለች፤ አረንጓዴ የላስቲክ ጫማ።

«አንቺ ልጅ፣ ወለሉ ላይ ምን ጠፋብሽ?» አለቻት በሁለተኛው ቀን።

«አስታማሚዬ። ይቺን ያህል አጭር ናት፣ ካየሻት ንገሪኝ።»

ወርቅነሽ ሳቀች፣ ከዚያ መሳቋን አቆመች፣ ከዚያ ከአማቷ ሾርባ በኩባያ ቀንሳ ከፊቷ ወለሉ ላይ አስቀመጠችላት። ከሆስፒታል ሲወጡም ማደሪያ እንደሌላት አይታ ቤቷ ወሰደቻት። ሺታዬ ሳሎኑ ጥግ ፍራሽ ላይ ትራስ ተደግፋ በግንባሯ ተደፋች።

ሁለት ሳምንት አለፈ። ለምርመራ ስትሄድ ዶክተር ሲፈን ቀኙን ሸፍና እጇን አነሳች። «ስንት?»

«አራት። አንዱ ላይ ቀለበት አለ። ለሠርጉ አልጠራሽኝም።»

መሃሉ ተርፏል። ሳይዘገይ ቢሆን ኖሮ የሚተርፍ ሌላም ነበር፤ ከጥግ በኩል ትንሽ ደብዛዛ ቀርቷል፣ እሱ ይመለስ አይመለስ ጊዜ ነው የሚያሳየው አለች ዶክተሯ። አሁን ቀና ብላ መቀመጥ ትችላለች። ቀና ስትል በግራ ዓይኗ ውስጥ የጋዙ ጫፍ እንደ ውሃ መስመር ሆኖ ይታያታል፤ ስትንቀሳቀስ ይወዛወዛል። በየቀኑ ትንሽ ይወርዳል። የአልዌሮ ውሃ በበጋ ከግድቡ ግንብ ላይ መስመር እየተወ እንደሚወርደው ነው። መስመሩ ጨርሶ ሲጠፋ አገሯ ትገባለች።

ጋሽ ተክሌ ጋ አንዴ በወርቅነሽ ስልክ ደውላ ነበር። ሩዙ ታጭዷል አላት፤ ማማዎቹ ፈርሰዋል፣ እንጨቱን ሰው ለማገዶ ወስዶታል። ኛታንግ ኢታንግ እናቷ ጋ ሄዳለች። ለሚመጣው ዓመት ግን ሰው እንደሚፈልግ ተናገረ፤ «የምታይ ከሆነ» አለ። «አያለሁ» አለች። ቀልድ አልጨመረችበትም።

ያን ቀን አስራ ሁለት ሰዓት ሆነ። ወርቅነሽ ማድ ቤት ሽንኩርት ታቁላላለች፣ አማቷ አንቀላፍተዋል። መስኮቱ ላይ የሚታየው የጎረቤት ቆርቆሮ ብቻ ነው። ማንም ማንንም እየጠራ አልነበረም፤ የሚጠራራበት ማማም የለም። ሺታዬ ይህን ታውቃለች።

«አለሁ» አለች፣ ቀስ ብላ።

ሕጉ ግን እዚህ አያልቅም። የተጠራ ቀጣዩን ይጠራል። ጉሮሮዋን ጠረገችና ትንሽ ከፍ አድርጋ «ጂያት!» አለች።

«ማንን ነው የምትጠሪው?» አለች ወርቅነሽ ከማድ ቤት።

«አምስተኛውን።»

ወርቅነሽ አልገባትም፤ መጥበሻዋን ማማሰል ቀጠለች። ሺታዬ ቀኝ ዓይኗን በመዳፏ ከድና ወደ መስኮቱ ዞረች። መስመሩ ከትናንቱ አንድ ጣት ወርዷል። ከመስመሩ በላይ የጎረቤቱ ቆርቆሮ፣ ከቆርቆሮው በላይ ሰማይ አለ። ሰማዩ ላይ አንድም ወፍ የለም። እስኪመሽ አየችው።